በአንድ አካውንት ሁለት ማሽን፦ አራት ወር ተጠቅሜበት ያየሁት

አራት ወር የሠራሁበትን ኳንተም ኮምፒውተር አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁትም። የማውቀው ወረፋውን ነው። ስለዚህ ያንን የወርቅ መቅረዝ የመሰለ ማቀዝቀዣ በፎቶ አይታችሁ ስለሱ ለማንበብ የመጣችሁ ካላችሁ ቅር ትሰኛላችሁ። የምጽፈው ስለ አገልግሎቱ ነው። አንድ የምርምር ማዕከል ሱፐርኮምፒውተሩን ከባለ 20 ኪውቢት ኳንተም ማሽን ጋር (ኪውቢት የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ አሐድ ናት) አገናኝቶ፣ ሁለቱንም በአንድ አካውንትና በአንድ የወረፋ ሥርዓት ለተለያዩ የምርምር ቡድኖች ከፍቷል። ከነዚያ ቡድኖች አንዱ የኛ ነበር። ማዕከሉን በስሙ አልጠራውም። የገባነው አገልግሎቱ ገና በሙከራ ላይ እያለ ነው፤ በሙከራ ጊዜ ያማረረኝን ነገር ይዤ ስም ማጥፋት አልፈልግም።

ሥራዬ በኮምፒውተር የሚሠራ ኬሚስትሪ ነው። ሞለኪውል ሲለጠጥ፣ ቦንዱ ሊበጠስ ሲል፣ ኤሌክትሮኖቹ ምን እንደሚሆኑ አሰላለሁ። ፊዚሲስት አይደለሁም፤ ስለ ኪውቢት የማውቀው ሥራዬ ያስገደደኝን ያህል ብቻ ነው። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ይህን ግምገማ ቢጽፉት ሌላ ነገር ይወጣቸው ነበር።

ሁለቱን ማሽኖች ማጋጠም ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ኳንተም ማሽን ለብቻው ተቀምጦ የሚፈይደው ነገር የለም። የምትልኩለት ሰርኪት፣ ማለትም ኪውቢቶቹ ላይ የሚፈጸሙ እርምጃዎች ዝርዝር፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይዘጋጃል፣ ማሽኑ በሚያውቃቸው ጌት በሚባሉ ጥቂት መሠረታዊ እርምጃዎች ይተረጎማል፣ ከዚያ ይላካል። ማሽኑ ሰርኪቱን ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ያስኬድና ሺህ መስመር ዜሮና አንድ ይመልሳል። እያንዳንዱ ሩጫ ሾት ይባላል። የሚሰጣችሁ ይኸው ነው፣ በቃ። ከዚያ ክምር ውስጥ ስሕተቱን ማጥራት፣ የሞለኪውሉን ኢነርጂ ማስላት፣ ቀጥሎ ምን እንደሚላክ መወሰን የተለመደው ኮምፒውተር ሥራ ነው። ሞለኪውሉ ተለቅ ሲል ደግሞ ይህ "የተለመደ" የምንለው ሥራ ከላፕቶፕ አቅም በላይ ይሆናል። ሱፐርኮምፒውተሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ማጋጠም በየቦታው እየተሞከረ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፊንላንድ ውስጥ ካያኒ ከተማ ያለው ሉሚ የተባለው ሱፐርኮምፒውተር፣ ኤስፖ ከነበረው ሄልሚ ከተባለ ባለ 5 ኪውቢት ማሽን ጋር የተገናኘው በ2022 ነው። ሉሚ በፊንላንድኛ በረዶ፣ ሄልሚ ደግሞ ዕንቁ ማለት ነው፤ ስም ማውጣት ያውቁበታል። ጀርመን ጋርሺንግ ያለው የላይብኒትዝ ሱፐርኮምፒውቲንግ ማዕከልም እንዲሁ ባለ 20 ኪውቢት ማሽን ከራሱ ሱፐርኮምፒውተር ጋር አጋጥሟል። ጃፓን ኮቤ ውስጥ፣ ፉጋኩ የተባለው ሱፐርኮምፒውተር ባለበት በሪከን የምርምር ተቋም ግቢ፣ ባለ 156 ኪውቢት የአይቢኤም ማሽን በ2025 ሥራ ጀምሯል። በ5 ኪውቢት ምን ይሠራል ብሎ የሚስቅ ሰው አጋጥሞኛል። ላፕቶፕ የማይሠራው ነገር አይሠራም፣ ልክ ነው። ግን ከካያኒ ገብቶ ኤስፖ ላይ ሥራ ማስኬድ ይቻል ነበር፤ የተፈለገውም መጋጠሚያውን መልመድ ነበር። እኔም ከአራት ወር በኋላ የምገመግመው ያንኑ መጋጠሚያ ነው።

አገባቡ ቀላል ነበር። ሁለት ገጽ ማመልከቻ፣ ጥቂት ሳምንት ጥበቃ፣ ከዚያ አካውንት። ቁልፌን አስገብቼ ሱፐርኮምፒውተሩ ላይ ገባሁ፤ ኳንተም ማሽኑ እዚያው ስለርም በሚባለው የሥራ ማከፋፈያ ፕሮግራም ወረፋዎች ዝርዝር ውስጥ ከጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፕ) ወረፋው በታች እንደ አንድ ተራ ወረፋ ተቀምጧል። ሌላ የይለፍ ቃል የለም፣ ሌላ ድረ ገጽ የለም፣ ውጤትን ከአንዱ ማሽን አውርዶ ወደ ሌላው መጫን የለም። ቀደም ሲል በክላውድ በኩል ኳንተም ማሽን የሞከረ ሰው ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ያውቀዋል።

መመሪያው ግን ያረጀ ነበር። የመጀመሪያው ምሳሌ የተጻፈው ኪስኪት በሚባለው የኳንተም ፕሮግራም መጻፊያ የድሮ ቅጂ ነው። ኪስኪት 1.0 በ2024 ሲወጣ የቀድሞዋ ኤክስኪውት የምትባለው ትዕዛዝ ቀርታለች፤ ምሳሌው ግን አሁንም እሷኑ ይጠራል። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በገጽ አንድ ላይ ባለ ምሳሌ፣ ኤረር። ለጀማሪ ተማሪ ብሰጠው ኖሮ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ግማሽ ቀን ያባክን ነበር።

እሱን አስተካክዬ ሁሉም ሰው የሚጀምርበትን ሰርኪት ላክሁ፦ ሁለት ኪውቢት አጣምሮ መለካት። ማሽኑ ፍጹም ቢሆን ግማሹ 00፣ ግማሹ 11 ይወጣል እንጂ ሌላ ነገር አይወጣም። ከ1000 ሾት 478 ጊዜ 00፣ 451 ጊዜ 11 ወጣ፤ የቀሩት 71 በ01 እና በ10 ተከፋፈሉ። እነዚያ 71 ስሕተት ናቸው። 11 ከ00 ማነሱም ምክንያት አለው፦ 1 የሆነ ኪውቢት ሳይለካ ኃይሉን ለቆ ወደ ዜሮ ይወድቃል፣ ዜሮ ላይ ያለው ግን በራሱ ወደ አንድ የመውጣት ዕድሉ ትንሽ ነው። ይህን አንድ ነገር ማወቅ ኋላ ብዙ ጠቀመኝ። ማሽኑ ሲሳሳት አንድ ማጣት ይወዳል።

በሁለተኛው ሳምንት ራሴን አዋረድኩ። ከናሙና ስክሪፕቶቹ አንዱን ገልብጬ የራሴን ሰርኪት አስገባሁበትና ላክሁ። ስክሪፕቱ 16 ኖድ (ሱፐርኮምፒውተሩ የተገነባባቸው ነጠላ ኮምፒውተሮች) ይጠይቅ ነበር፤ ቁጥሩን አልነካሁትም። እያንዳንዱ ኖድ 128 ኮር፣ ማለትም ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል፣ አለው። ሱፐርኮምፒውተሩ 16ቱን ኖዶች ወዲያው ሰጠኝ፤ ስክሪፕቴ ተነሥቶ ሰርኪቱን ወደ ኳንተም ማሽኑ ላከ፤ ከዚያ መጠበቅ ጀመረ። ኳንተም ማሽኑ ካሊብሬሽን (ኪውቢቶቹን እየለኩ ማስተካከል) ላይ ነበር፤ ካሊብሬሽኑ ሲያልቅ ከኔ በፊት ሌሎች ነበሩ። አምስት ሰዓት። በነዚያ አምስት ሰዓታት 2048 ኮር ምንም ሳይሠራ በስሜ ተይዞ ተቀመጠ። ኳንተም ማሽኑ ላይ ያለው ሥራዬ የፈጀው 41 ሰከንድ ነው። ጠዋት ሒሳቤን ሳየው 10,240 የኮር ሰዓት ተቆርጧል፤ ቡድናችን ለዚያ ወር ከተሰጠው ቀላል የማይባል ድርሻ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግን የኔ ብቻ አይደለም። የነገሩ ሥር ያለው የሁለቱ ማሽኖች ጠባይ ላይ ነው። ሱፐርኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የብዙ መቶ ሰዎችን ሥራ ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ፉጋኩ ብቻ ከ158 ሺህ በላይ ኖድ አለው። ኳንተም ማሽን ግን እንደ ጠባብ በር ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ሰፊ አዳራሽ ከጠባብ በር ጋር ስታጋጥሙ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ በሩን ሲጠብቅ ይውላል። የኬብሉ ፍጥነት ምንም አይለውጠውም። በሁለቱ ማሽኖች መካከል መልእክት የሚፈጀው ሚሊሰከንዶች ነው፤ እኔ ያጠፋሁት ሰዓታትን ነው። ስለዚህ አንድ ማዕከል "ኳንተም ማሽናችን ከሱፐርኮምፒውተራችን አጠገብ ነው" ብሎ ሲያስተዋውቅ ብትሰሙም፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ሥራ ሌላ ክፍል ቢሆን፣ ሌላ ከተማም ቢሆን ልዩነቱ አይታይም። ቅርበቱ የሚያስፈልገው ለስሕተት ማረሚያ ነው። እዚያ ማሽኑ እየሠራ እያለ ስሕተቱን አንብቦ መፍታት ስላለበት ጉዳዩ የማይክሮሰከንድ ጉዳይ ይሆናል። ባለ 20 ኪውቢት ማሽን ላይ ግን ያ ሩቅ ነው።

ለእርዳታ ክፍሉ ጻፍኩ። መልስ የመጣው በዚያው ቀን ነው፣ በሰው እጅ የተጻፈ። "ሥራዎን በሦስት ይክፈሉት" ይላል፦ ማዘጋጃው በአንድ ኖድ፣ የኳንተሙ ክፍል በአንድ ኮር ብቻ፣ ትንተናው በፈለጉት ያህል ኖድ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲነሣ አድርገው ያያይዟቸው። እንዳሉኝ አደረግሁ። ወረፋው አላጠረም፣ ግን ስጠብቅ የምይዘው አንድ ኮር ሆነ። ከጠፋው ሰዓትም ግማሹን መለሱልን፣ ሳልለምናቸው። ስክሪፕቱም በሳምንቱ ተለውጦ አየሁት። ለዚህ አገልግሎት የምሰጠው ከፍተኛ ነጥብ የዚህ ክፍል ነው። ስንት ኪውቢት አላችሁ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ኢሜይል ስጽፍ ማን ነው የሚመልስልኝ ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ኬሚስትሪው ልግባ። የመረጥኩት ሞለኪውል ናይትሮጅን ነው፤ ሁለት አቶም፣ በሦስት ቦንድ የተሳሰሩ። ተራ ርቀታቸው ላይ ሳሉ ማንኛውም ፕሮግራም በደንብ ያሰላቸዋል። ወደ ሁለት እጥፍ ሲለጠጡ ግን የተለመዱት ዘዴዎች ይዘባርቃሉ፣ ምክንያቱም ኤሌክትሮኖቹ በአንድ አደረጃጀት መገለጽ አቁመው በብዙ አደረጃጀቶች ይበተናሉ። 6 ኤሌክትሮን በ6 ኦርቢታል (ኤሌክትሮኖች የሚያርፉባቸው ቦታዎች) ብቻ ወሰድኩ፤ ይህ 12 ኪውቢት ይፈልጋል። ሳልደብቅ ልናገር፦ ይህን ላፕቶፔ በዓይን ጥቅሻ ይጨርሰዋል። ሊኖሩ የሚችሉት አደረጃጀቶች 400 ብቻ ናቸው። የመረጥኩትም ለዚያ ነው። ትክክለኛውን መልስ አውቀዋለሁ፣ ማሽኑ ሲዋሽ እይዘዋለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ከ2014 ጀምሮ በየማስተማሪያው የሚገኘውን ቪኪውኢ የሚሉትን ዘዴ ነው። ኳንተም ማሽኑ ይለካል፣ ተራው ኮምፒውተር የሰርኪቱን ቁጥሮች ትንሽ ያስተካክላል፣ መልሶ ይልካል፣ እንደገና ይለካል። ለእያንዳንዱ እርምጃ ወረፋ መያዝ ቢኖርብኝ ዓመት ይፈጅ ነበር። ለዚህ ማዕከሉ "ሴሽን" የሚለው ነገር አለው፤ ለግማሽ ሰዓት ማሽኑ ለናንተ ብቻ ይከፈታል። ጥሩ ሐሳብ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 22 እርምጃ ሄድኩ፤ የሚያስፈልገኝ ግን በመቶዎች ነበር። በዚያ ላይ በኖይዙ፣ ማለትም በማሽኑ የዘፈቀደ ስሕተት፣ ምክንያት ቁልቁለቱ የት እንዳለ አይታይም፤ ኢነርጂው አንዴ ይወርዳል አንዴ ይወጣል። ስድስት ሴሽን ጨረስኩበት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝና ተውኩት።

ቀጥሎ የያዝኩት ዘዴ ለእንዲህ ያለ ጥምር ማሽን የተሰፋ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። ኳንተም ማሽኑ ኢነርጂ አይለካም፤ የሚጠየቀው ጠቃሚ የሆኑ የኤሌክትሮን አደረጃጀቶችን እንዲጠቁም ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሾት አንድ ጥቆማ ነው። ጥቆማዎቹ ተሰብስበው ለሱፐርኮምፒውተሩ ይሰጣሉ፤ እሱ የተሳሳቱትን ያርማል፣ በቀሩት ላይ ማትሪክስ (የቁጥሮች ሠንጠረዥ) ሠርቶ ይፈታል። ኳንተሙ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሱፐርኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ይሠራል፣ ምልልስ የለም። አይቢኤምና ሪከን በ2024 ይፋ ባደረጉት ሥራ በዚህ መንገድ አራት ብረትና አራት ድኝ ያለውን ክላስተር (የአቶሞች ስብስብ) እስከ 77 ኪውቢት ተጠቅመው፣ ከፉጋኩ ደግሞ 6400 ኖድ ወስደው አስልተውታል። የዚያ ክላስተር አደረጃጀቶች ከ8 ኳድሪሊዮን በላይ ናቸው፤ የኔዋ 400 እዚያ አጠገብ አትጠራም። ሆኖም በዚያ ሥራ የተገኘው ኢነርጂ በሱፐርኮምፒውተር ብቻ የሚሠራው ምርጥ ዘዴ ከሚሰጠው አልተሻለም። ይህን የማነሳው ለማጣጣል አይደለም። ርዕሱን ብቻ አንብበው የሚያጨበጭቡ ስላሉ ነው።

እኔም አንድ ማታ አጨብጭቤያለሁ። ናይትሮጅኔን ለጠጥኩ፣ 10,000 ሾት ላክሁ፣ ትንተናው ሲያልቅ ኢነርጂው ከትክክለኛው መልስ ጋር እስከ ስድስተኛው አሐዝ ድረስ ገጠመ። ኬሚስት የሚጠግብበት ስሕተት 1.6 ሚሊሃርትሪ ነው (ሃርትሪ የኢነርጂ መለኪያ ነው)፤ የኔ ስሕተት ከሞላ ጎደል ዜሮ። ስዕሉን ሠርቼ ለቡድኑ ላክሁ። ለእርዳታ ክፍሉም ላክሁ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ "በኳንተሙ ውጤት ምትክ የዘፈቀደ ቁጥር ቢያስገቡ ምን ያገኛሉ?"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ፓይተን ከፈትኩ፣ ሳንቲም እንደመጣል ዓይነት 10,000 መስመር ዜሮና አንድ አመነጨሁ፣ ለዚያው ትንተና ሰጠሁት። ያው መልስ። እስከ ስድስተኛው አሐዝ።

ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነገሩ ግልጽ ነው። ትንተናው እያንዳንዱን ጥቆማ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች ለሁለት ይከፍለዋል። በእያንዳንዱ ግማሽ ሊኖሩ የሚችሉት 20 አደረጃጀቶች ብቻ ናቸው፤ 20 በ20 ሲባዛ 400። በ10,000 ሾት፣ ጭፍን ዕድል እንኳ ቢሆን፣ ሃያዎቹንም ብዙ ጊዜ ያገኛቸዋል። ማለትም ማትሪክሱ ሙሉ ነበር፤ መልሱን ያወጣው ተራው ኮምፒውተር ነው። በሚሊኬልቪን ሙቀት የሚሠራው፣ በየቀኑ ካሊብሬት የሚደረገው ማሽን የሠራው ሥራ ሳንቲም ከመጣል አይለይም።

የዚህ ዓይነት ጥምር አገልግሎት ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለት ማሽን በአንድ ስክሪፕት ውስጥ ሲሠሩ መልሱ ሲወጣ ማን እንደሠራው አይታይም። ሱፐርኮምፒውተሩ እጅግ ጎበዝ ነው፤ የጎረቤቱን ድክመት ሸፍኖ መልስ ያወጣል። ማስተዋወቂያ ገጹ ላይ ግን ውጤቱ የሁለቱ ጥምረት ፍሬ ተብሎ ይቀርባል፣ ድር ቢያብር በሚል መንፈስ። አንዱ ድር ሌላው አየር ቢሆንስ?

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ለወጥኩ። ሁሉንም ጥቆማ መስጠት ትቼ፣ በብዛት የተጠቆሙትን 40 አደረጃጀቶች ብቻ መስጠት ጀመርኩ። አሁን ልዩነቱ ታየ፦ የሳንቲሙ 40 ጥቆማ የማይረባ ኢነርጂ ሰጠ፤ የኳንተሙ 40 ከትክክለኛው ብዙ አልራቀም። እስከ 1.6 ሚሊሃርትሪ አልደረሰም፣ ግን የሆነ ነገር ያውቃል። ይህ ለኔ ከፍጹሙ መልስ የበለጠ አስደሳች ነበር፣ የማሽኑ የራሱ ሥራ ስለሆነ።

ሌላም መለኪያ አገኘሁ፣ ለሚጠቀም ሁሉ የምመክረው። በ12 ኪውቢት 4096 የዜሮና የአንድ ሰንሰለቶች አሉ፤ ከነዚህ ትክክለኛ የኤሌክትሮን ብዛት ያላቸው 400 ናቸው፣ ማለትም አስር በመቶ ግድም። ኖይዝ የሌለበት ማሽን ቢሆን ሾቶቹ በሙሉ ከ400ዎቹ ውስጥ ይሆኑ ነበር። ጭፍን ዕድል ደግሞ አስር በመቶ ይሰጣል። ስለዚህ ከማንኛውም ትንተና በፊት ስንቶቹ ሾቶች ትክክለኛ ብዛት እንዳላቸው ብቻ እቆጥራለሁ። ጥሩ ቀን ላይ ግማሽ ግድም ነው። አንድ ሐሙስ 19 በመቶ ሆነ። ሰርኪቱ ያው፣ ሞለኪውሉ ያው፣ ማክሰኞ ዕለት 47 የነበረው። የጎደሉት ኤሌክትሮኖች ደግሞ ከተረፉት ይበዙ ነበር፤ አንድ ማጣት ይወዳል ያልኳችሁ ይኸው ነው። ለካ ከምጠቀምባቸው ኪውቢቶች አንዱ ታሞ ነበር። "ታሞ" የሚሉት እነሱው ናቸው። ሰርኪቴን ከታመመው ኪውቢት አዙሬ ስልከው ወደ 40 በመቶ ተመለሰ።

ይህን ለማድረግ ግን የዕለቱን የካሊብሬሽን መረጃ ማግኘት ነበረብኝ፤ የትኛው ኪውቢት ምን ያህል ይሳሳታል፣ የትኛው ጥንድ ደህና ነው የሚለውን። መረጃው አለ፣ የተቀመጠው ግን ማንም ሰው በማያየው ፎልደር ውስጥ ነው። ሥራ ስትልኩ በራሱ ከውጤቱ ጋር አይመጣም። ለጋራ ምርምር የተከፈተ አገልግሎት ይህን እንዴት እንደዘለለው አይገባኝም። ሱፐርኮምፒውተር ላይ ያንኑ ፕሮግራም ዛሬም ከርሞም ብታስኬዱት ያው መልስ ይወጣል፣ ከጥቃቅን ልዩነት በቀር። ኳንተም ማሽን ግን እንደ ሰው ነው፤ የዕለት ውሎው ይለያያል። ውጤት ያለ ካሊብሬሽኑ፣ ቀን ያልተጻፈበት የሐኪም ካርድ ማለት ነው።

ስለ ጋራነቱ ካነሳሁ፣ ከኛ ሌላ በማሽኑ ላይ የዕቃ ማጓጓዣ መስመር የሚያሰሉ፣ የማሽን ለርኒንግ ሰዎች፣ ሁለት ተማሪዎችም ነበሩ። አንዱ ቡድን ዘወትር ዓርብ ከሰዓት ረዣዥም ሥራ ይደረድር ስለነበር ዓርብ ለኛ የሞተ ቀን ሆነ። በሁለተኛው ወር ማዕከሉ ገደብ አወጣ፦ ከ15 ደቂቃ የሚበልጥ ሥራ ለሁለት ይከፈል። ተማሪዎቹ ተነፈሱ፣ የዓርቡ ቡድን አኮረፈ። ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ። ጠባብ በር ላይ ቆሞ ረዥም ወሬ የሚያወራ ሰው ልክ መግባት አለበት።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሲሙሌተሩ ነው። እዚያው አካውንት ላይ፣ በጂፒዩ ወረፋው፣ ኳንተም ማሽኑን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ አንድ መስመር ብቻ ቀይራችሁ ያንኑ ሰርኪት ወደዚያ ትልካላችሁ። የ20 ኪውቢት ሙሉ ሁኔታ 17 ሜጋባይት ግድም ነው፣ ስልኬ ላይ ካሉ ጥቂት ፎቶዎች አይበልጥም። እያንዳንዱ ኪውቢት ሲጨመር እጥፍ ይሆናል፤ 30 ላይ 17 ጊጋባይት፣ 50 ላይ 18 ሚሊዮን ጊጋባይት። ስለዚህ በዚህ አገልግሎት ላይ ያለው እውነተኛ ማሽን የሚሠራውን ሁሉ አስመሳዩ ያለ ኖይዝ፣ ያለ ኳንተሙ ወረፋ ይሠራዋል። ይህን ማዕከሉ በግልጽ መጻፍ አለበት። መልስ ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ እዚህ ሥራ የለውም። እኔ ከአስር ሰርኪት ዘጠኙን ሲሙሌተሩ ላይ ሞክሬ ነው አንዱን ወደ እውነተኛው የምልከው፤ ከወረፋው በፊት ስሕተቴን የማገኘው እዚያ ነው።

ነጥብ ስጥ ብባል፣ ከአምስት ሦስት ተኩል። ለአንድ አካውንትነቱና ለእርዳታ ክፍሉ ሙሉ ነጥብ፤ መመሪያውና የካሊብሬሽኑ ነገር ያስቀንሱታል። ለኳንተም ማሽኑ ለብቻው ነጥብ አልሰጥም፣ በ20 ኪውቢት ከዚህ በላይ መጠበቅ ግፍ ነው። ትልቅ ማሽን እስኪመጣ ሥራውን መልመድ የሚፈልግ፣ ወረፋ ሲበላሽ የማይደነግጥ ቡድን ካላችሁ ግቡ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ወር የቀረው ተማሪ ግን አትላኩ። አንድ ጥያቄም በማመልከቻችሁ ላይ ጨምሩ፦ ኖዶች ይዤ ኳንተሙን ስጠብቅ ከማን ሒሳብ ነው የሚቆረጠው?

የዘፈቀደ ቁጥር ማነጻጸሪያው አሁን በናሙና ስክሪፕቶቹ ውስጥ ገብቷል፣ በአንድ ቃል የሚበራ። ያን አንድ መስመር ኢሜይል የጻፈልኝን ሰው በአካል አግኝቼው አላውቅም።

በመጨረሻው ሳምንት የመጀመሪያውን ወር ውጤቶቼን ከአዲሶቹ ጋር ላነጻጽር ብዬ የዚያን ጊዜ ካሊብሬሽን ጠየቅሁ። የሚያስቀምጡት የ30 ቀኑን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ወር ሾቶቼ ፋይሉ ውስጥ አሉ፣ ማሽኑ ያን ቀን እንዴት እንደዋለ ግን የሚነግረኝ የለም። አሁን ስክሪፕቴ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው የዕለቱን የካሊብሬሽን ፋይል ወደ ፎልደሬ መገልበጥ ነው። ከዚያ ወረፋ ይይዛል።